ትርፍራፊን ስለ መሰብሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ ታላቅ ምሥጢር ሳይሆን ስለ ታናሽ ነገር ነው። ነገሩ ታናሽ ይምሰል እንጂ ጌታችን በቅዱስ ወንጌል ያልናቀው፥ እኛ ግን በየዕለቱ የምንንቀው ነው፤ ይኸውም ከማዕድ የሚተርፈው ትርፍራፊና ከቤት የሚወጣው ጥራጊ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ጌታችን አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ባርኮ 5 ሺህ የሚያህሉ ወንዶችን መገበ። ሕዝቡ በጠገበ ጊዜ ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። ከተረፈው አንዳች እንዳይባክን ይሰበስቡት ዘንድ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው፤ እነርሱም በሰበሰቡት 12 መሶብ ሞላ።

እስቲ ይህን ነገር በልቡናችን እንመርምረው። በጥቂት እንጀራ ብዙ ሺህ ሕዝብ መመገብ የሚቻለው አምላክ ስለ ፍርፋሪ ማሰብ ለምን አስፈለገው? በማግሥቱ ሌላ እንጀራ ማበርከት ይሳነዋልን? አይሳነውም። ነገር ግን በረከትን መስጠት የእርሱ ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የተሰጠውን በረከት አለማባከን የእኛ ሥራ መሆኑን ሊያስተምረን ወደደ። እንጀራውን ያበዛው እርሱ ነው፤ ጎንበስ ብለው ከሣሩ ላይ ፍርፋሪውን የለቀሙት ግን ሐዋርያት ናቸው። ሐዋርያትን ያላሳፈረ ጎንበስ ማለት እኛን ሊያሳፍረን አይገባም።

ይህን የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ፤ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ነው።

እኔ የማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ በሱሉልታ በኩል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታቦቱ የንግሥ ዕለት እጅግ ብዙ ሕዝብ መጣ፤ በዓሉም ደስ በሚያሰኝ ሥርዓት ተፈጸመ። ሕዝቡ ሲበተን ግን ዐውደ ምሕረቱ በውኃ ፕላስቲክና በፌስታል ተሞልቶ ቀረ። እኔም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች ጠርቼ፥ «ጠርጋችሁ ከግንቡ ጀርባ ካለው ገደል ጨምሩት» አልኋቸው። ዐይን ያላየው ነገር ሁሉ ንጹሕ መስሎኝ ነበር። ግቢው ጸዳ፤ ወጣቶቹንም መርቄ አሰናበትኋቸው።

ክረምት ገባ። የሱሉልታን ሜዳ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ በክረምት ከየተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሣሩ ይለመልማል። ከገደሉ የጣልነው ሁሉ በጎርፍ ተጠርጎ በዚያ ሣር መካከል ተሰገሰገ። በጥቅምት ወር ባሏ የሞተባት አንዲት የንስሓ ልጄ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። የሦስት ልጆቿ መተዳደሪያ የነበረችው አንዲት ላሟ መብላት ትታ፥ ሆዷ ተነፍቶ፥ በአምስተኛው ቀን ሞታባት ነበር። ላሚቱን የከፈቱት ሰዎች በሆዷ ውስጥ እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፌስታል አገኙ። ሴቲቱ የመጣችው ልትከሰኝ አልነበረም፤ ጸሎት አድርጌ ቤቷን ጠበል እንድረጭላት ነበር። «አባቴ፥ ቤቴን የጎበኘው መቅሠፍት ምንድር ነው?» አለችኝ። መቅሠፍቱ የእኔው ትእዛዝ መሆኑን ዐውቄ ነበርና አንደበቴ ተያዘ። ኋላም እውነቱን ነገርኋት።

እርሷም ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በኋላ ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ አዋጥቶ ጊደር በገዛላት ጊዜ የተናገረችውን ግን እስክሞት ድረስ አልረሳውም። «ጊደሪቱን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን አባቴ፥ ገደሉ ካልጸዳ ይህችም ትሞትብኛለች» አለችኝ። ምእመናን ሆይ፥ ብዙ ዓመት ከመጻሕፍት ፊት ከተቀመጥሁት ይልቅ ይህ የአንዲት መበለት ቃል ንስሓ ምን እንደ ሆነ አስተማረኝ። ካሣ መክፈል መልካም ነው፤ የጥፋቱን ምንጭ ሳያደርቁ ካሣ መክፈል ግን ጥፋቱን ለነገ ማሳደር ነው። ስለዚህ ካህናቱ ቀድመን፥ ወጣቶቹም ተከትለውን፥ ወደ ገደሉ ወረድንና ለቀምነው።

ይህ ነገር በአንድ ደብር ጀርባ ብቻ የተደረገ አይደለም። ታላቂቱ ከተማችን አዲስ አበባም የራሷ ገደል አላት፤ ስሙም ቆሼ ይባላል። በከተማይቱ በደቡብ ምዕራብ በኩል፥ ረጲ በተባለው ሰፈር፥ ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማይቱ ጥራጊ ሲከመርበት የኖረ 36 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ሥፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፥ ቅዳሜ ማታ፥ ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በሥሩ ባሉት ደሳሳ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገሪቱም ሁሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አጠገብ አዲስ የቆሻሻ መድፊያ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ውኃችንና ከብታችን ተጎዳብን ብለው ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመ፤ ጥራጊውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። እንግዲህ አስተውሉ። የሰንዳፋው ገበሬ ጩኸት ከእኔይቱ መበለት ልቅሶ በምን ይለያል? ከበራችን ያወጣነው ነገር ከዓለም የወጣ ይመስለናል፤ ነገር ግን «ውጭ» የምንለው ሥፍራ ሁሉ የአንድ ሰው ደጅ ነው። እኛ ጣልነው ስንል ባልንጀራችን ተቀበለው ማለታችን ነው።

ወደ ቆሼ ከሚሄደው ጥራጊ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የድንች ልጣጭ፥ የጎመን ቅጠል፥ የቡና አተላ፥ የተረፈ ምግብ። ይህ ሁሉ ከአፈር የወጣ ስለ ሆነ ወደ አፈር ቢመለስ አፈሩን ያበረታ ነበር። በአንድ ላይ ተከምሮ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ግን ሚቴን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቶ የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት አንዱ ነው። በ2010 ዓ.ም. ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ በዚያው በረጲ ተመርቋል፤ ይህ የሊቃውንት ሥራ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን እርጥብ ልጣጭ ለእሳት አይመችም፤ ለጓሮ ጎመን ግን ምግቡ ነው።

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወገኖቼ፤ ዛሬ በተለይ ወደ እናንተ መናገር እወዳለሁ። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ሆነው አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከበዋታል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ትናንት ጤፍና ገብስ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። ከተማ መሆን ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የከተማን ብክነት ፈጥነን ተምረን የአባቶቻችንን ጥበብ ፈጥነን ረሳን። እስከ ዛሬ ድረስ ከብዙዎቻችሁ ቤት ጀርባ ጥቂት መሬት አለ፤ ከጎረቤት ላም አለ፤ ጎመኑ ግን በፌስታል ተንጠልጥሎ ከገበያ ይመጣል፤ ልጣጩም በፌስታል ታስሮ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ወንዙስ ወዴት ይሄዳል? በቡራዩ በኩል ገፈርሳ አለ፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። ከወጨጫ ተራራ ወገን የሚነሣው ትንሹ አቃቂም ከተማይቱን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በዳርቻውም ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች በውኃው ያጠጣሉ። ጠዋት ከድልድይ ላይ የወረወርነውን ማታ በማዕዳችን ላይ ብናገኘው ልንደነቅ አይገባም። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ እስራኤል ከሰፈር ወጥተው ቆሻሻቸውን ጉድጓድ ቆፍረው እንዲከድኑ ታዘው ነበር፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር በሰፈራቸው መካከል ይመላለስ ነበርና ነው። በበረሃ ለሚንከራተት ሕዝብ ይህ ከታዘዘ፥ በድንኳን ሳይሆን በብሎኬት ቤት ለምንኖር ለእኛ ምን ያህል ይገባን ይሆን?

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ትእዛዝ በኑሮ ይፈጽሙት ነበር። እኔ በልጅነቴ በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ልብሳችን ደበሎ፥ ስንቃችን በአኩፋዳ የለመንነው ቁራሽ ነበር። ከዕለት ምግባችን የተረፈውን ቁራሽ በፀሐይ አድርቀን ድርቆሽ እናደርገዋለን እንጂ አንጥለውም፤ መንደር የማንወጣበት ቀን ሲመጣ እርሱን እንበላለን። ጸሐፊዎቹ መምህራን ብራናቸውን ከፍየል ቆዳ፥ ብዕራቸውን ከመቃ፥ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር። ከድስት ሥር የተጠረገ ጥላሸት የጌታችንን ወንጌል ለመጻፍ ከበቃ፥ ፈጽሞ የማይረባ ነገር ምን ይኖራል?

ስለ እናቶቻችንም ላውሳ። ሊጥ ባቦኩ ቁጥር ለሚቀጥለው የሚሆን እርሾ ያስቀራሉ፤ ስለዚህም የዛሬው እንጀራ የትናንቱ ልጅ፥ የነገው አባት ነው። የጠላው አተላ ለከብት፥ የምድጃው አመድ ለዕቃ ማጠቢያና ለጎመን ሥር ይሆናል። ያረጀው ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያ ይተርፋል። በዕድራችንም ብንመለከት ድስቱ፥ ድንኳኑ፥ አግዳሚው፥ ብርጭቆው የጋራ ነው፤ አንዱ ቤት ሲያዝን ይወጣል፥ ታጥቦም ለሌላው ይቀመጣል። በጽዋ ማኅበርም አንዱ ጽዋ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ስንቱን ዓመት ያገለግላል! እንግዲህ በአንድ ሠርግ ተጠጥቶባቸው በማግሥቱ የሚጣሉ በመቶ የሚቈጠሩ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን የመከመር ልማድ ከማን ተማርነው?

የመነኮሳትም ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። በሰበታ ባለው በጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል የሚኖሩት እናቶች በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ይህም ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው፤ የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ በታከተ ጊዜ መልአክ ጥቂት ሰሌን ታትቶ፥ ጥቂት ቆሞ ጸልዮ፥ እንደ ገና ወደ ሥራው ሲመለስ እንዳሳየው በገድለ አበው ይነገራል። በሰበታ በኩል የሚያስኬደው የመናገሻ ሱባ ደንም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል። የተከሉት በጥላው አልተቀመጡም፤ እኛ ግን ተቀመጥንበት።

አሁን፥ ወገኖቼ፥ ምን እናድርግ? ሰማንና ወጣን እንዳይሆንብን ጥቂት ነገር በግልጥ ልናገር።

አንደኛ፥ ወደ ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ። መልአኩ ያሳየው የሰሌን ሥራ እርሱ ነውና ዘንቢል ማንጠልጠል አያሳፍርም። መንግሥትም በ1999 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ክርስቲያን ግን ቅጣትን ፈርቶ ሳይሆን የባልንጀራውን ላም አስቦ መተው ይገባዋል።

ሁለተኛ፥ የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለዩ። ከጓሮ በጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ልጣጩንና ቅጠሉን፥ በላዩም ጥቂት ፍግና አመድ፥ በላዩም አፈር እያደረጋችሁ ደራርቡት፤ ሲደርቅ ውኃ አርከፍክፉበት፤ በየጊዜውም አገላብጡት። በሦስት ወይም በአራት ወር ጥቁርና መልካም ሽታ ያለው አፈር ይሆናል። በእርሱ ላይ ጎመን፥ ቆስጣ፥ ጤና አዳም ትከሉ። ጓሮ የሌለው በአሮጌ ባልዲ ወይም በተቀደደ ጀሪካን ይትከል። ይህ ሁሉ አገሪቱን ይመግባል አልልም፤ ከአንድ ቤት የሚወጣውን ጥራጊ ግን በግማሽ ያጎድላል፥ ለልጆቻችሁም ምግብ ከመሬት እንጂ ከሱቅ እንደማይበቅል ያስተምራል።

ሦስተኛ፥ ሳይጠገን የሚጣል ዕቃ አይኑር። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተባለውን ሥፍራ ሂዳችሁ ተመልከቱ፤ አሮጌው በርሜል የከሰል ምድጃ፥ ያለቀው ጎማ በረባሶ፥ ባዶው ጣሳ ኩራዝ ሲሆን ታያላችሁ። በየበራችን «ቁራሌው!» እያለ የሚያልፈውንም ወጣት በንቀት ዐይን አንመልከተው። እኛ ጌቶች ሆነን የጣልነውን ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው እርሱ በዚያ በሣሩ ላይ እንደ ለቀሙት እንደ ሐዋርያት ነው። የሰጠነውን ጠርሙስ አጥበን እንስጠው፤ ዋጋውንም አንከራከረው።

አራተኛ፥ በዓላችንንና ተዝካራችንን እናርም። የዕድሩ ብርጭቆ ይውጣ፤ ውኃው በእንስራ ይቀዳ። ታቦት በሚወጣበት መንገድ ላይ ጥራጊ እየጣልን እልል ማለት፥ በአንድ እጅ አመስግኖ በሌላው እጅ መሳደብ ነው።

ይህን ስናገር ድኻው ወገኔ አይቀየመኝ። የዘይት ጀሪካኗን አጥባ ውኃ የምትቀዳበት እናት፥ የታላቁን ሱሪ አጥብባ ለታናሹ የምታለብስ እናት የእኔን ስብከት አትሻም፤ እኔ ከእርሷ ልማር ይገባኛል። ድኻ በችግር የሚያደርገውን ባለጸጋ በፈቃዱ ቢያደርገው ግን ትሩፋት ይሆንለታል። እንዲሁም ራስን መቻል ማለት በር ዘግቶ ለብቻ መብላት እንዳይመስለን። በበረሃ መናን ለነገ ብለው ያሳደሩት ሰዎች ተልቶና ሸትቶ እንዳገኙት በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ትርፍራፊ የሚሰበሰበው ሊካፈሉት እንጂ ሊሰስቱበት አይደለም። ከጓሯችሁ ጎመን ለጎረቤት ስጡ፤ ጎረቤታችሁም ቋንቋው ሌላ፥ የሚጸልይበትም ቤት ሌላ ቢሆን፥ ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ነግሮናልና አትለዩት። ወንዙ ሲቆሽሽም ሆነ ሲጠራ የሁላችን ነው።

የነገሬ መጨረሻ ይህ ነው። የዚያች የንስሓ ልጄ ጊደር ባለፈው ዓመት ወለደች፤ ልጆቿም ዳግመኛ ወተት ጠጡ። ገደሉን ግን እስከ ዛሬ አልጨረስነውም። ለቅመን አጸዳነው ካልን በኋላ እንኳ ዝናም በመጣ ቁጥር ከአፈሩ ውስጥ ያ አሮጌ ፌስታል ብቅ ይላል፤ ቀለሙ አልለቀቀም፥ አልበሰበሰም። ስለዚህ በክረምት፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ከወጣቶቹ ጋር እንወርድና እንለቅማለን። ጎንበስ ባልሁ ጊዜ ሁሉ ያ የአንድ ቀን ትእዛዜ ትዝ ይለኛል። ለመጣል አንድ ማታ በቅቶን ነበር፤ ለመልቀም ግን ስንት ክረምት እንደሚፈጅ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው።

እግዚአብሔር አምላካችን በቸርነቱ የሰጠንን ምድር እንድናበጃትና እንድንጠብቃት ኃይሉን ይስጠን። በቆሼ ያረፉትን ወገኖቻችንን ነፍሳቸውን በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ከማዕዳችን በረከትን፥ ከልባችን ትሕትናን፥ ከእጃችን ሥራን አያጉድልብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።